ስልክ ቢኖር ምዕራፍ ሁለት ላይ ያልቅ ነበር

የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። እንደ ከተማው ሰው ሁሉ ከጋቢ አትለይም። ከጋቢው ስር ደግሞ መጽሐፍ አይጠፋም። ባለፈው ቅዳሜ ግን አንዱን ልብ ወለድ መሃል ላይ ዘግታ አልጋው ላይ ወረወረችው።

«ምነው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ሁለቱ የተለያዩት እኮ ሳይግባቡ ቀርተው ነው። አንዴ ቢደውልላት ያልቃል። ይኸው ስልኩን በእጁ ይዞ መቶ ገጽ ያለቅሳል።»

ከዚያ ሌላ መጽሐፍ አነሳች። ይኼኛው የጠገራ ብር ዘመን ታሪክ ነው። ልጅቷ ደጋ ቀርታለች። ልጁ ከነጋዴዎች ጋር ቆላ ወርዷል። የላከው መልእክት አልደረሰም። «ይሄ እንቅልፍ ነሳኝ» አለች። «ግን ለምን? እኔ እኮ ዳታ ሲያልቅብኝ የማብድ ሰው ነኝ።»

ጥያቄዋን ይዤው ሰነበትኩ። ብቻዋን አይደለችማ። አንኮበር ተራራው ላይ ካባ ለብሰው ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮች አይቻለሁ። ሙሽራው ጎራዴ ይዟል። ሙሽሪት በነፋሱ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ትስቃለች። የፍቅር መጽሐፍም፣ የምስጢር መጽሐፍም፣ የሠርግ አልበምም ወደ ኋላ መሄድ ወዷል።

ብዙ ሰው «ናፍቆት ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ አልስማማም። በኅዳር ውርጭ ደብረ ብርሃን ያደረ ሰው፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ያልነበረበትን ዘመን አይናፍቅም። ጀርባዋ በእንስራ የጎበጠ አያት ያለችው ሰውም ቧንቧ ያልነበረበትን ዘመን አይናፍቅም። የድሮ ዘመን የሚጥመን መኖሪያ እንዲሆነን ስለምንፈልገው አይደለም። ነገር በቶሎ የማይፈታበት ዘመን ስለሆነ ነው።

የፍቅር ታሪክ የሚቆመው በእንቅፋት ነው። ሁለት ሰዎች ተዋደዱ፣ ተጋቡ፣ አለቀ ቢባል ማንም አያነብም። ዛሬ እንቅፋት መፍጠር ደራሲን ያስጨንቃል። አድራሻ ቢጠፋ ፌስቡክ አለ። ቤተሰብ ቢከለክል አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ተሳፍሮ መሄድ ነው። ድሮ ግን እንቅፋቱን ደራሲው አይፈጥረውም። ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ለምሳሌ ደብዳቤን እንውሰድ። መጻፍ የሚችል ሰው በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ፍቅረኛ ደብዳቤ የሚያስጽፈው ደብተራ ጋ ሄዶ ነው። ተቀባይዋም ማንበብ ካልቻለች የምታስነብበው ሰው ትፈልጋለች። መሃል ላይ መልእክተኛው አለ። እንግዲህ ቁጠሩ። የሁለት ሰው ምስጢር አምስት ሰው ያውቀዋል። አንዱ ቂመኛ ቢሆንስ? ደብተራው ራሱ ልጅቷን ቢወዳትስ? ይህን ሁሉ ደራሲው ከራሱ አላመጣውም። ኑሮው ራሱ እንዲህ ነበር።

ሰባት ቤት መቁጠርም አለ። በእኛ አገር እስከ ሰባት ትውልድ የሚዛመድ ሰው አይጋባም። ስለዚህ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይቆጠራል። እዚህ ላይ የፍቅር ታሪክና የምስጢር ታሪክ አንድ ይሆናሉ። አንዲት አሮጊት ብቻ የምታውቀው የልጅ አባት ጉዳይ ቢኖርስ? ሠርጉ ሊደገስ፣ ጠላው ሊጠመቅ ሲል አሮጊቷ ትናገር ወይስ ዝም ትበል? በመንዝ ደግሞ ዘር መቁጠር ለጋብቻ ብቻ አልነበረም። የርስት ጉዳይም ነበር። የአንድ ቅድመ አያት ስም መሬት ይሰጣል፣ መሬት ይነሳል። ለስም የሚዋሽ፣ ለስም የሚገድል ሰው የነበረበት አገር ነው።

የምስጢር ልብ ወለድ ከአውሮፓ የመጣ ነገር ይመስለናል። ቅርጹ አዎ፣ ከዚያ ነው። መጨረሻ ላይ መርማሪው ተጠርጣሪዎችን አንድ ክፍል ይሰበስብና ጥፋተኛውን ይጠቁማል። ግን የእኛ ሰው ይህን ትዕይንት ሌላ ስም ሰጥቶት ኖሯል፤ አውጫጭኝ፣ አፈርሳታም ይባላል። ከብት ተሰረቀ ወይ ቤት ተቃጠለ እንበል። የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። እርሻ ይቆማል፣ ከብት ጠባቂ ያጣል። የጠቆመው ሰው በስሙ አይጠራም። «ወፍ ነገረኝ» ይባላል።

እስቲ አስቡት። መቶ ሰው በዝናብ ተቀምጧል። ከመሃላቸው አንዱ ያውቃል። አንዷ ደግሞ የምታውቀውን ብትናገር የምትወደው ሰው ይታሰራል። ይህን ትዕይንት የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ ከየትኛውም የባቡር ውስጥ ግድያ አያንስም።

ሌባ ሻይም ነበር። አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይሰጠዋል። ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሸዋ የመጡ የውጭ ሰዎች ይህን አይተው ጽፈዋል። ለፍትሕ ያሳፍራል፣ ለደራሲ ግን ወርቅ ነው። የገመዱን ጫፍ የያዘው ሰው ልጁን ወደ ጠላቱ ቤት ቢጎትተውስ?

መርማሪውስ ማን ይሁን? እንግሊዛዊቷ ኤሊስ ፒተርስ በ1977 እ.ኤ.አ. አንድ መነኩሴ መርማሪ ፈጠረች። የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው፣ የመድኃኒት ቅጠል ያውቃል፣ በወጣትነቱ ወታደር ነበር። እኛ አገር ሥር የሚምስ ደብተራ አለ ልትሉኝ ነው። አለ። እኔ ግን ብጽፍ አልቃሽ ነበር የማደርጋት። አልቃሽ የሟቹን ሰባት ቤት ታውቃለች። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ያለ ወራሽ እንደሞተ ታውቃለች። ሁሉም ቤት ትገባለች፣ ማንም አይጠረጥራትም። ደግሞ ያወቀችውን በግጥም መልቀቅ ትችላለች። ለቅሶው ላይ አንድ ስንኝ ትጥላለች፤ የገባው ሰው ፊቱ ይለወጣል። (ይህን ሐሳብ የወሰደ ሰው ቢያንስ አንድ ኮፒ ይላክልኝ።)

እዚህ ላይ ወደ አጀማመሩ ልመለስ። አውሮፓ ውስጥ ፍርሃትና ፍቅርን በአሮጌ ግንብ ውስጥ አስገብቶ የጻፈው ሆራስ ዋልፖል ነው። ዘመኑ 1764 እ.ኤ.አ. ነው። የሚገርመው፣ መጀመሪያ ሲያሳትመው እኔ ጻፍኩት አላለም። ከአንድ የቆየ የጣልያን ጽሑፍ የተተረጎመ ነው ብሎ ዋሸ። አንባቢ አሮጌ ነገር እንደሚያምን ያን ጊዜም ገብቶታል። የእኛ ሰው «ብራና ላይ ተገኘ» ሲሉት ጆሮውን እንደሚሰጠው ማለት ነው።

የአማርኛ ልብ ወለድም ሲወለድ ፊቱን ያዞረው ወደ ድሮ ነበር። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። በኋላ ጦቢያ ተባለ። ዛሬ ልብ ወለድ የምንለው ስም የመጣው ከዚያ ርዕስ ነው። ታሪኩ ውስጥ ጦርነት አለ፣ የጠፋ አባት አለ፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ቆንጆ ልጅ አለች፣ የሚወዳት ንጉሥ አለ። ፍቅርና የተደበቀ ማንነት ማለት ነው። ስለዚህ የእህቴ ልጅ የያዘችው መጽሐፍ አዲስ ፋሽን አይደለም። ወደ ተነሳንበት መመለስ ነው።

ታዲያ ሰሜን ሸዋ ምን አለው? ሰዉ ቶሎ የሚያነሳው መልክዓ ምድሩን ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ መኪና ከፊትህ ያለውን መኪና አያይም። ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ይጨልማል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ጉም ብቻውን ታሪክ አይሆንም። ብዙ መጽሐፍ እዚህ ላይ ይወድቃል። ሦስት ገጽ ጉም፣ ሁለት ገጽ ካባ፣ ከዚያ የዛሬ ልጆች የድሮ ልብስ ለብሰው የዛሬ ወሬ ያወራሉ።

ግንብ ፈልጎ አንኮበር የሄደ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ያዝናል። የአውሮፓ ዓይነት የድንጋይ ግንብ የለም። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ግቢ በእንጨት አጥር የተከበበ፣ በሣር የተከደነ ነበር። ዛሬ የሚታየው የመሠረት ድንጋይና ከገደሉ በታች የተዘረጋው የአፋር ሜዳ ነው። መጀመሪያ ሳየው እኔም «ይሄ ብቻ ነው?» ብያለሁ። ሁለተኛ ስሄድ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። የቆመ ግንብ በሩ የት እንደሆነ ይነግርሃል። የፈረሰ ግቢ ግን እልፍኙን አንተው ሥራው ይልሃል። ለደራሲ ሁለተኛው አይሻልም?

የተጻፈ ታሪክም አለ። ከልብ ወለድ የሚበልጥ አለ።

የምኒልክንና የወይዘሮ ባፈናን ነገር ውሰዱ። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አብረዋቸው የኖሩት ባፈና በዕድሜ ይበልጧቸዋል። ቀድሞ አግብተው ወልደዋል። ምኒልክ ግን አጥብቀው ይወዷቸው ነበር። በ1869 ዓ.ም. ምኒልክ ዘመቻ ላይ እያሉ ከኋላቸው ሴራ ተነሳ። ባፈና ከሴራው ውስጥ ነበሩበት። ዙፋኑ ለሌላ እንዲሆን ነው የታሰበው። ሴራው ከሸፈ። ይህ እንግሊዝኛ ልብ ወለድ ቢሆን ጥፋተኛዋ ትቀጣና ያልቃል። ምኒልክ ግን ይቅር አሉ። ከዚያም በኋላ ጥቂት ዓመታት አብረው ቆዩ። አንድ ሰው ሊያስወግደው የሞከረን ሰው ለምን መልሶ እልፍኙ ያስገባል? ፖለቲካ ነው? ፍቅር ነው? ሁለቱም? በ1875 ዓ.ም. ፋሲካ ምኒልክ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ከጣይቱ ብጡል ጋር በቁርባን ተጋቡ። ሙሽሮቻችን ዛሬ ፎቶ የሚነሱት ለዚህኛው ሠርግ ብለው ነው። እኔን ግን ያስቀረኝ ፊተኛው ነው።

ከአንኮበር ብዙ ሳይርቅ ደግሞ ጎንቾ አለ። የሸዋ ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና ዙፋን ሊመኙ የሚችሉ ዘመዶቻቸውን የሚያስሩበት ቦታ ነበር። ወንጀል አልሠሩም። ጥፋታቸው መወለዳቸው ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሻለቃ ሃሪስ፣ እሱ ሸዋ ሳለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እነዚህን መሳፍንት መፍታታቸውን ጽፏል። ለዓመታት በሰንሰለት የኖረ ሰው በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ ሲወጣ አስቡት። ሚስቱ አግብታ ይሆን? ልጁ ያውቀው ይሆን? አንድ ሰው በሌላው ስም ቢወጣስ?

ይህን ሁሉ ስዘረዝር የአንድ ወዳጄ ተቃውሞ ይሰማኛል። መምህር ነው፣ ታሪክ ያስተምራል። «ቤተ መንግሥቱን ታሳምሩታላችሁ፣ ውኃ ያመላለሰውን ሰው ትረሱታላችሁ» ይላል ሁልጊዜ። እውነቱን ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ አልዩ አምባ አለ፤ የትልቅ ገበያ ከተማ ነበር። ከሐረርና ከባሕር ጠረፍ ሲራራ ነጋዴ ይመጣበታል። አሞሌ ጨው ይቆጠርበታል። የፍቅር መጽሐፍ እዚህ ገበያ ላይ ሐርና ሽቶ ያያል። ግን እዚያው ቅርብ አብዱል ረሱል የሚባል ሌላ ገበያ ነበር። እዚያ የሚሸጠው ሰው ነው። ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ልጆች ወደ ባሕር የሚወርዱት በዚያ በኩል ነበር። በእልፍኝ ደጃፍ የሚንሾካሾኩትን ሁለት ፍቅረኞች እግር ያጠበችው ልጅ ከየት እንደመጣች የማይጠይቅ መጽሐፍ ግማሹን ቤት ዘግቶታል።

በዚህ ላይ ከወዳጄ ጋር ነኝ። የምለየው መፍትሔው ላይ ነው። እሱ «አትጻፉ» ሊል ይቃጣዋል። እኔ ያቺን ልጅ ወደ ታሪኩ አስገቧት ነው የምለው። ጓዳ የምትውል፣ ማንም ከሰው የማይቆጥራት፣ ሁሉን የምትሰማ። በምስጢር ልብ ወለድ ከእሷ የተሻለ ምስክር የለም። ስለዚህ እሷን መርሳት በግፍ ላይ ግፍ ከመሆኑም ሌላ የሙያ ስንፍናም ነው።

ግን ዝም የሚባልበት ቦታ የለም አልልም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ዘረት፣ መንዝ ውስጥ፣ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በጣልያን ጦር የመርዝ ጋዝ ተለቆባቸው አልቀዋል። ሴቶችና ሕፃናት ነበሩበት። የአምስት ዓመቱ ወረራ ለፍቅርና ለስለላ ታሪክ የተመቸ ነው። የውስጥ አርበኛ፣ ሁለት ፊት ያለው አስተርጓሚ፣ የሚስጥር ወረቀት በሞሰብ ውስጥ። ይህን ሁሉ አነባለሁ። ያን ዋሻ ለሁለት ቆንጆዎች መሳሳሚያ ያደረገ ደራሲ ግን ከእኔ ጋር ተጣልቷል።

ቦታና መጽሐፍ ሲገናኙ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። ስኮትላንዳዊው ዋልተር ስኮት በ1810 እ.ኤ.አ. አንድ ረጅም የግጥም ታሪክ ሲያሳትም፣ ታሪኩ የተፈጸመበትን ሎክ ካትሪን የተባለ ሐይቅ ለማየት ሰዉ በሠረገላ ጎረፈ። እኛም ጋ የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» አለ። መንዝ ውስጥ ያለውን የእመጓ ኡራኤልን ስም ከጋራው አሻግሮ ለአዲስ አበባ አንባቢ ያደረሰ የምስጢር ታሪክ ነው። መጽሐፉን ጨርሰው ጉዞ የተነሱ ሰዎች አውቃለሁ። አሁን ግን መንገዱ እንደልብ የሚኬድበት ጊዜ አይደለም። እዚህ ያለን ሰዎች ዘመድ ለመጠየቅ እንኳ ቀን እንመርጣለን። ምናልባት የእህቴ ልጅ ጥያቄ ሌላው ግማሽ መልስ ይህ ነው። በመኪና የማይደረስበት አገር በመጽሐፍ ይደረሳል። ድሮ የዘመን ርቀት ብቻ ነበር። አሁን የአርባ ኪሎ ሜትሯ አንኮበርም ሩቅ ሆናለች።

ይህን እያወራኋት ነበር፤ ደብረ ብርሃን ራሷ የምስጢር ታሪክ እንዳላት አነሳሁላት። ከተማዋን የቆረቆረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ በሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት። ይህን ሁሉም ተማሪ ያውቃል። ብርሃኑ የታየው ግን ከንጉሡ ጋር በሃይማኖት የተጋጩት የደቂቀ እስጢፋኖስ መነኮሳት በእሱ ትእዛዝ በድንጋይ ተወግረው ከሞቱ ከ38 ቀን በኋላ ነው። ንጉሡ ፈጣሪ ሥራዬን ወደደልኝ ብሎ ተረጎመው። የ1456 እ.ኤ.አ. የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉ አሉ። የከተማችን ስም ከአንድ ወገን ብርሃን ነው፣ ከሌላው ወገን የድንጋይ ክምር።

ከዚያ የንግሥቲቱን ነገርኳት። በ1462 እ.ኤ.አ. የዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ጽዮን ሞገሳ ልጇን ለማንገሥ አሲራለች ተብላ ተከሰሰች። ተገርፋ ሞተች። ያለ ወግና ያለ ለቅሶ፣ በስውር፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ መቅደሰ ማርያም ተቀበረች። ልጇ በእደ ማርያም ይህን ሰማ። ዕጣን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ። አባቱ ይህን አወቀና ተቆጣ።

ጋቢዋን ወደ አገጯ ሳበች። ስልኳ ሁለት ጊዜ ጠራ፣ አላነሳችውም።

«ቆይ ጋሼ» አለች። «የተቀበረችው በስውር ነው። እሱም የሄደው ሹልክ ብሎ ነው እንበል። ታዲያ ስለ ዕጣኑ ለንጉሡ ማን ነገረው?»

ደብተር ፍለጋ ተነሳች።